የሐሙስ ቀለም

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እፎይ፣ አሁን ታርፋለህ» አለኝ። ማረፍ ማለት ይህ መሆኑን የነገረኝ ግን አልነበረም። ዕድሜዬን በስቶክሆልም መንገዶች አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ከኋላዬ ሲወጣና ሲወርድ ውዬ፣ ድንገት አንድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ኡፕላንድስ ቬስቢ ባለው ቤቴ ከማቀዝቀዣው ድምፅ በቀር የምሰማው ነገር ጠፋ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ልጆቼ ትልልቅ ሆነው አንዱ ማልሞ፣ አንዷ ለንደን ናቸው። እሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሳሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እስከሚቀጥለው እሑድ ድምፄን የምሰማው ሱቅ ስገባ ነው።

ሥዕል ውስጥ የገባሁት በሥዕል ፍቅር አይደለም። መሐል ከተማ፣ ሶደርማልም፣ ጉዳይ ኖሮኝ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ ደጃፍ ተጠጋሁ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የቻይና የቀለም ሥዕል፣ ለጀማሪዎች፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ስዊድኖች ስቱዲሲርከል የሚሉት ነው፤ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር አብረው የሚማሩበት። ዝናቡ አላቆም ሲለኝ የድንጋዩን ደረጃ ወርጄ ምድር ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ሙቀት ነበር፣ ሰው ነበር፣ የሚቀመጡበት ወንበርም ነበር። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

መምህራችን በእኔ ዕድሜ የምትሆን ቻይናዊት ናት። ስዊድንኛዋ እንደኔው ስብርብር ያለ ስለነበር ወዲያው ተግባባን። የመጀመሪያውን ቀን ቀለም ስንፈጭ ዋልን። ጥቁር እንደ ከሰል የደረቀ የቀለም ቁራጭ አለ፤ እሱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በጠብታ ውኃ እያሹ ማዞር ነው፣ ሌላ ሥራ የለም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ይሄ ነገር በጠርሙስ አይሸጥም እንዴ?» አልኳት።

«ይሸጣል።»

«ታዲያ?»

«እጅህ እስኪረጋ ነው» አለችኝና ወደ ሌላው ሰው ሄደች።

ከዚያ ለብዙ ሳምንታት መቅዳት ብቻ ሆነ። የአንድ የጥንት ሠዓሊ ተራራ የታተመበት ወረቀት ፊታችን ታስቀምጣለች፤ ገደል አለው፣ ጉም አለው፣ ጥድ አለው፣ ከታች ድልድይ የሚሻገር እንደ ጉንዳን ያነሰ ሰው አለው። በእነሱ አገር ወግ አስቀድሞ የቀደሙትን እጅ ተከትሎ ያልሄደ ሰው «ሣልኩ» ማለት አይችልም። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ቀለሙን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ ማጥፊያ የሚባል ነገር የለም። እኛ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን፤ እዚህ ግን አንዴ ካፈሰሱ መልቀም የለም። የእኔ ጥድ መጥረጊያ ይመስላል፤ የእኔ ሰውዬ ድልድዩን ስቶ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። መምህራችን አይታ «ዋና የሚችል ይመስላል» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ለካ ከሰው ጋር ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ኖሯል።

ግድግዳው ላይ የራሷ ሥራዎች ተሰቅለዋል። ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ሌላ ነገር የላቸውም። ባዶው ይበዛል፤ ከባዶው መሐል ቀለሙ የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ የሆነ ቦታ ይተናል። መጀመሪያ ሳያቸው በልቤ «ይቺ ሴትዮ ቀለም ደፍታባታለች» ብዬ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አንተ የምትቀዳው ተራራ ነው።»

«ታዲያ ተራራው የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። አንተ በጣም ተጠግተኸው ነው።»

ከዚያ እጄን ይዛ አሳየችኝ። የጥንቱ ሠዓሊ ገደሉን ሲሠራ ብሩሹን አጋድሞ፣ እንጨት በመጥረቢያ እንደሚፈለጥ ቆረጥ ቆረጥ ያደርገዋል። እሷም ያንኑ አጣጣል ነው የያዘችው፤ ግን አንዷን ፍላጭ ብቻ ወስዳ ወረቀቱን ሙሉ እስክትይዝ አሳድጋታለች። ጥዱን ትታዋለች፣ ድልድዩን ትታዋለች፣ ሰውየውንም ትታዋለች። አባቶቿ ያስተማሯት የእጅ አጣጣልና ክብደቱ ብቻ ቀርቷል። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በፔንደልቶግ፣ በከተማው ባቡር፣ መስኮት የማየው ጨለማና መብራት ሌላ ሆኖ ታየኝ። የሞኝ ነገር ይመስላል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የሥዕሉን ነገር እዚህ ላይ ላቁም። ለእኔ ዋናው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ብዘገይ በሩን ቀና ብሎ የሚያይልኝ ሰው ነበር።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተመናመነ። አንዱ ሥራ ያዘ፣ አንዷ ልጇ ጋ ወደ ሰሜን ሄደች፣ ሌሎቹ ደግሞ ምክንያታቸውን ሳይናገሩ ቀሩ። የበጋው ዕረፍት ሲደርስ የቀረነው መምህሯና እኔ ብቻ ሆንን። ብሩሾቹን እያጠበች ነገረችኝ፦ መስከረም ላይ ቢያንስ አምስት ተማሪ ካልተገኘ ክበቡ ይዘጋል፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል። ድንጋጤዬን ላለማሳየት ደረቴን ነፋሁ።

«ለእኔ ተይው! የእኛ ሰው እንደሆነ ሞልቷል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ሲቀርብ ሥራዬን ጀመርኩ። ሰው በሞላበት ጠረጴዛ ተቀምጬ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ተራራው አወራሁ። በቃ፣ የሚያቆመኝ ጠፋ።

«ቅዱሳን ትሥላላችሁ?» አለኝ አንዱ።

«አይ፣ ተራራ ነው። መጀመሪያ ተራራውን ትሥላለህ። ከዚያ ተራራውን ትተወዋለህ።»

«ለመተው ለመተውማ እኔ ከወዲሁ ትቼዋለሁ!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ካለፈ በኋላ ግን አንድ በአንድ ቃል ገቡልኝ። «እንዴታ፣ እንመጣለን!» «እኔማ ከድሮም ሥዕል ነፍሴ ነው!» «ከነባለቤቴ ቁጠረኝ!» ስድስት ሰው ቆጠርኩ። ከጠረጴዛው ጫፍ ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የሚበሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ዮርድብሩ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ብቻ ነው የማውቀው። ቀና ብለው «እጁ የሚንቀጠቀጥስ ሰው ይችላል?» አሉኝ። «ይችላል እማማ፣ ይችላል» ብዬ ወደ ወሬዬ ተመለስኩ። እሳቸው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ «እንግዲህ ልጄ ከተመቻት» አሉ። እኔ እሳቸውን ከቁጥር አላስገባኋቸውም።

ለመምህሯ ደውዬ ስድስት ሰው ማግኘቴን ነገርኳት።

«እንዴት አድርገው ነው እንመጣለን ያሉህ?»

«እንዴት ማለት? በደስታ ነዋ!»

«ጥሩ» አለች።

የመስከረሙ ሐሙስ ደረሰ። ቀደም ብዬ ሄድኩ፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና ብሩሽ የተዘረጋው በሁለት ቦታ ብቻ ነው።

«ስድስት ሰው ይመጣል አላልኩሽም?» አልኳት፤ ቅር ብሎኛል።

«ከመጡ ወረቀቱ ያውልህ መደርደሪያው ላይ። ለመዘርጋት ጊዜ አይፈጅም።»

ጠበቅን። ከላይ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ። ፎቁ ላይ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ኮቴው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። አንዱ «ወይኔ፣ ዛሬ ነበር እንዴ!» አለኝ። አንዷ ልጇ ታሞባት ነበር። ከነባለቤቴ ቁጠረኝ ያለኝ ሰውዬ ደግሞ ስልኩን አላነሳም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። መምህሯ ቀለሟን እየፈጨች ቀና ሳትል «እኛም አገር እንዲሁ ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ሰውን ማሳፈር ነው» አለችኝ። ነገሩን እሷ አውቃው እኔ መርሳቴ አናደደኝ። ያደግኩበት ይሉኝታ እኮ ነው! ግን ዕድሜ ልኬን በሰዓት ሠሌዳ ስነዳ ኖሬ፣ ሐሙስ ከተባለ ሐሙስ ይመስለኝ ጀምሯል። ሐበሻነቴ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደወረደ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ሁለታችን እስኪመሽ ሣልን፣ ብዙም አላወራንም። በማግስቱ ክበቡ ተዘጋ። እሷ አንድ የቀለም ድንጋይና አንድ ብሩሽ ሰጥታኝ፣ ለክረምቱ አገሯ ወዳለችው እህቷ ሄደች። ቤቴ ሆኜ ልሣል ብዬ ሞክሬ ነበር። ቀለሙን እፈጫለሁ፣ ወረቀቱን እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ብሩሹን አንስቼ ሳልነካው ቀለሙ ይደርቃል። ሰውየው እንኳ የተተወበትን የመምህሬን ሥዕል የወደድኩት ሰውዬ፣ አጠገቤ ሰው ከሌለ አንዲት መስመር ማስመር አልሆንልህ አለኝ። ብቸኝነት እንደዚያ ክረምት ከብዶኝ አያውቅም።

አኮረፍኩም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ፤ እነዚያ ስድስቱ «የት ጠፋህ» ይሉኛል ብዬ ነበር። ማንም አላለኝም፤ ያ ደግሞ ኩርፊያዬን አባሰው። በመጨረሻ ለገና ሄድኩ፤ በገናስ ማን ያኮርፋል? ቅዳሴው አልቆ ካፖርቴን ስፈልግ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ነርስ ናት፣ አርባ ዓመት ይሆናታል፤ የእኚያ የዮርድብሩ እናት ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ወደ ስዊድንኛው ነው የምትሮጠው።

«ጋሼ፣ ታክ!» ብላ በስዊድንኛ አመሰገነችኝ። «ማማን አድነሃታል። ሐሙስ እስኪደርስ እኮ መጠበቅ አትችልም።»

አልገባኝም። እሷ ቀጠለች፤ በየሐሙሱ በመኪናዋ አምጥታ ሶደርማልም ደጃፉ ላይ ታወርዳቸዋለች፣ እሷ ሁለት ሰዓት ዋና ትዋኛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትወስዳቸዋለች። ሲመለሱ መኪና ውስጥ የሣሉትን ሁሉ ይነግሯታል፦ ጉም፣ ገደል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሙሉውን ነጭ የተዉት ወረቀት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። «ሥዕሉን መቼ ነው የምናየው? ኤግዚቢሽን አላችሁ?» አለችኝ።

ክበቡ ከተዘጋ አራት ወር ሊሆነው ነው።

«ጎበዝ ናቸው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ደህና አልተኛሁም። ሐሙስ ሄድኩ። የጥርስ ሐኪሙ ስላለ የመንገዱ በር አይቆለፍም። የደረጃው መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሳበራው እኚያ እናት እታች፣ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ትንሽ ትራስ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። መብራቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ለካ በጠፋ ቁጥር ተነስተው ያበሩታል፣ ሲደክማቸው ደግሞ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣሉ።

«ልጅዎ አመሰገነችኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ቢደውሉልኝ ምን ነበረበት እማማ?»

«ምን ብዬ ወንድሜ? ሳይፈልጉኝ ቀርተው እንደሆነስ? እርስዎ እኮ ኑ ያሉት እነዚያን ነው፤ እኔ በወሬ መሐል ነው የገባሁት።» ትንሽ ቆይተው ቀጠሉ። «በመጀመሪያው ሐሙስ ልጄ ሥራ ነበራት፤ በሁለተኛው መጣሁ። ተዘግቷል። ይከፈት ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ፀጉሯ እንደራሰ መጣች፣ ፊቷ ፈክቷል። ‹እንዴት ነበር?› አለችኝ። ‹ጥሩ ነበር› አልኳት። በቃ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ። በሳምንቱ ደግሞ የመኪና ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን ልበላት?»

«ልንገራት እኔ?»

«እንዳያደርጉት!» አሉኝ፤ ክንዴን ያዙኝ። «እሷ ሌት ተቀን የሰው በሽተኛ ስታነሳ ስትጥል ነው የምትኖረው። ቤት ስትገባ ደግሞ እኔ አለሁ። እኔን ሳታስብ የምትውልባት ሰዓት ይቺ ብቻ ናት። እኔ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ ምን ሆንኩ?»

ቤቴ ተቀምጬ ሰውን ሁሉ ሳኮርፍ፣ እሳቸው እዚህ ድንጋይ ላይ ለልጃቸው ሥዕል ሲፈጥሩ ነበር። አፈርኩ፤ ደግሞም፣ ይህን ማለት ነውር ካልሆነ፣ ደስ አለኝ። ሐሙስ የሚሄድበት የጠፋው ሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ብሩሼንና ውኃ በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ቀለሙን ሆን ብዬ ተውኩት፤ የሰው ደረጃ ማጨቅየት አልፈለግኩም። በመምህሬ ከተማ ሽማግሌዎች በጠዋት መናፈሻ ወጥተው፣ ብሩሻቸውን ውኃ እየነከሩ የመንገዱ ንጣፍ ድንጋይ ላይ እንደሚለማመዱ ነግራኝ ነበር። የእኛም ደረጃ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይነጣል። ብሩሹን እንዴት አጋድመው እንደሚይዙት አሳየኋቸው። እጃቸው በእርግጥ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ መስመሩ ጉም ይሆናል፣ አንዳንዴ የተደፋ ውኃ ይመስላል። «ይቺኛዋን ለልጄ ነግሬያታለሁ» ይሉኛል፤ ወይም «ይቺን ገና አልነገርኳትም» ይሉና አፍጥጠው ያዩአታል፣ ማታ እንዳይረሷት። ትንፋሽ ሳያልቅ መስመር እንደማይቆረጥ አንዴ ብነግራቸው፣ ከዚያ ወዲህ ብሩሹ ድንጋዩ ላይ ካለ ቢጠሯቸውም አይሰሙም። ስንቱን ሐሙስ እንደዚያ ሆነን እንዳሳለፍን አልቆጠርኩም።

አንድ ሐሙስ የመዋኛው ገንዳ ተበላሽቶ ኖሮ ልጅቷ ቀድማ መጣች። እኛ አልሰማንም። እሳቸው ትልቅ ገደል ጀምረዋል፤ እኔ ተንበርክኬ ጠርሙሱን ይዤላቸዋለሁ። መብራቱ ጠፋ፤ ከመነሳቴ በፊት ከላይ አንድ ሰው አበራው። ልጅቷ ናት፤ ፀጉሯ ደረቅ ነው። የተቆለፈውን በር አየች፣ በበሩ መስታወት የጨለመውን ክፍል አየች፣ የእናቷን ትራስ አየች። ከዚያ በስዊድንኛ፣ በቀስታ፣ «ማማ፣ ሌሎቹስ የት አሉ?» አለች።

እናትየው ቀና አላሉም። መስመሩን እስከ ደረጃው ጫፍ ድረስ ጎትተው ጨረሱት፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ ከዚያ ውኃ በሚንጠባጠበው ብሩሽ ወደ እኔ አመለከቱ።

«እኚህ ናቸው» አሏት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ከተንበረከክኩበት ተነስቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ አንድ ሆኖ ብዙ ሰው መምሰል እንዴት እንደሆነ ግን አላወቅኩበትም።